ከማጣሪያው ሆድ የወጣው ቆብ

«ቀዩን ነካ! ቡቪ፣ ቀስቱ ቀዩን ነካ!»

ባርኖ በሆዷ ተኝታ፣ አፍንጫዋን የግፊት መለኪያው መስታወት ላይ ለጥፋ ነው የጮኸችው። መለኪያው የእጅ ሰዓት የሚያህል ክብ ነገር ነው፤ ፊቱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተቀብቷል። ቀስቱ ሁለት ቀን ሙሉ ቢጫው ላይ ሲያመነታ ከርሞ፣ ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀዩ ውስጥ ገብቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከሥሩ ያለው ማጣሪያ፣ ሆዱ በአሸዋ የተሞላ ሰማያዊ ጋን፣ ጥርሱን እንዳመመው ግመል ያጉረመርማል። የተጣራውን ውሃ ወደ ገንዳው በኃይል መትፋት የነበረበት ቧንቧ ደግሞ እንዳኮረፈ ሰው ጠብ... ጠብ... ብቻ ይላል።

ገንዳውማ ገንዳ መሆኑ ቀርቷል። ባርኖ ለጓደኞቿ «ከታች የወደቀ ሳንቲም ላይ የተጻፈውን ታነቢያለሽ» ብላ የማለችለት ውሃ አረንጓዴ ሻይ መስሏል። አያቷ ቡቪ ጠዋት ጎንበስ ብለው አዩትና «ስኳር ብቻ ነው የጎደለው» ብለው አለፉ።

«ምኑ ነው ቀዩን የነካው?» አለ ከኋላዋ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ባርኖ ብድግ አለች። አባቷ ኩድራት ነው። ከባድ መኪናውን ይዞ ካዛኪስታን ከሄደ አሥራ ስምንት ቀኑ። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ በግራና በቀኝ ብብቱ ሁለት የሎሚ ችግኞች አቅፏል። ሌሎች አራት በሩ ሥር ቆመዋል።

«ዳዳ! እንኳን በሰላም መጡ! ደከሙ? ምነው ሳይደውሉ...»

አባቷ ገንዳውን አየ። ከዚያ ችግኞቹን አንድ በአንድ አመጣና ገንዳው አፋፍ ላይ ደረደራቸው። ስድስቱም ሴት ልጅ ሊጠይቁ እንደመጡ ሽማግሌዎች ዝም ብለው ቆሙ።

«በሚያዝያ ምን ብዬ ነበር?» አለ።

«ገንዳው ከተበላሸ ሎሚ እተክልበታለሁ አሉ» አለች ባርኖ እግሯን እያየች።

«ሁለት ሜትር ጥልቀት። ፀሐይ ፊት ለፊት። ክረምት ሲመጣ ላስቲክ ጣል አድርጎ መሸፈን ነው፣ ብርድ አይነካውም። ለሎሚ ከዚህ የተሻለ ጉድጓድ በማርጊላን ከተማ የለም። ማጣሪያውን ማን ነው እጠብቃለሁ ያለው?»

«እኔ።»

«ረቡዕ ማን ነው የሚመጣው?»

«ዘጠኝ ሴቶች።»

ይህ ረቡዕ እንዲህ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። በመንደሩ ወንዶቹ ልጆች በጋውን ሙሉ ከድልድዩ ላይ ወደ ቦዩ እየዘለሉ እንደ ጉርጥ ይንቦጫረቃሉ። ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ያያሉ። ባርኖ ክረምቱን ሙሉ አባቷን ስትለምን፣ ስትለማመጥ፣ አንድ ጊዜም ምግብ አልበላም ብላ አድማ ስትመታ (አድማው እስከ እራት ብቻ ነው የቆየው) ከርማ በመጨረሻ አሸነፈች። ረቡዕ ከሰዓት ወንዶች ሁሉ ከግቢ ይወጣሉ፤ ገንዳው የሴቶች ነው። የመጀመሪያው ረቡዕ ከነገ ወዲያ ማግስት ነው።

«ታዲያ ማጣሪያው ምን ሆነ?»

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነበር። ለአጎቷ ልጅ ሠርግ ቤቱ ውስጥ ያለ የወለል ፍራሽ ሁሉ ተተርትሯል፤ ለዓመታት ተረግጦ ድንጋይ የሆነው ጥጥ ወጥቶ በቀጫጭን ዱላ እየተመታ ባዘቶ መሆን አለበት። ቡቪ ሐሙስ ዕለት «ጥጡን ተሸክመሽ የጎተራው ጣሪያ ላይ ውጪና እዚያ ምቺው» ብለው አዘዙ። ጣሪያው ላይ ግን አርባ ዲግሪ ነው። መሰላሉም ሃያ ሁለት መወጣጫ አለው፤ ባርኖ ስትናገር መቶ ሃያ ሁለት። ስለዚህ ቡቪ ወደ ገበያ እንደወጡ ጥጡን ገንዳው ዳር ዘረገፈችው፤ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ አላረካት ሲል ቬንትሌተሩን ከቤት አውጥታ ከጀርባዋ ተከለችው። የሱፍ ፍሬዋን እየፈለፈለች ጥጡን ትወቃው ጀመር።

ማርጊላን ላይ በሰኔ በረዶ ዘነበ። ቬንትሌተሩ ባዘቶውን እያነሳ ገንዳው ላይ ሲያለብሰው ባርኖ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በኋላ የሚታየውን በመረብ ለቀመች። የማይታየውን ማጣሪያው ለቀመው።

ይህን ለአባቷ ለመናገር አፏን ከፈተች። ከፈተችና ቀና ስትል፣ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታቸው የሽማግሌው የኤርጋሽ ቦቦ ቴራክ ዛፍ ነጭ ግንዱን ወደ ሰማይ ወንጭፎ ቆሟል። ሰኔ ነው። ከቦዩ ዳር ካሉት ቴራኮች የተነሳ ጥጥ የመሰለ ነጭ ብናኝ በየመንገዱ ይንሳፈፋል። አንዷ እንዲያውም አባቷ ጢም ላይ አርፋለች።

«ቴራኩ ነው!» አለች ባርኖ። «የኤርጋሽ ቦቦ ቴራክ! ወላሂ ዳዳ፣ ሐሙስ ዕለት ነፋስ ነፈሰና ብናኙን በጆንያ ገለበጠብን። ቡቪ እንኳ አስነጠሱ!»

ቡቪ ከደጅ ሆነው «እኔ ሁሌም አስነጥሳለሁ» አሉ።

አባቷ ጢሙ ላይ ያለችውን ብናኝ አንስቶ አያት።

* * *

ሐብሐብ ይዘው ሄዱ። ጎረቤት ቤት ስሞታ ይዞ ባዶ እጅ አይኬድም።

ኤርጋሽ ቦቦ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ራሳቸው ግን መቶ ስድስት ነው ይላሉ፣ ሲፈልጉ ደግሞ ሠላሳ። እሳቸውና ባርኖ በግድግዳው ላይ የቆየ ጨዋታ አላቸው። በየቀኑ አንድ አንድ ውሸት ይወራወራሉ፣ የተሸነፈ አፕሪኮት ይከፍላል። ባለፈው ሳምንት ባርኖ ቦዩ ውስጥ ያለው ዓሣ ብስክሌት ዋጠ ብላ ነበር። ቦቦ ምንም ሳይደነቁ «አውቀዋለሁ፤ ትናንት ደወሉን ደውሎ 'መንገድ ልቀቁ' አለኝ» አሏት። አፕሪኮቱን ከፈለች።

አባቷ ሻይ ሦስት ጊዜ ከጠጣ፣ ስለ ጤናም ስለ ሙቀትም ስለ ካዛኪስታን መንገድም ከተነጋገረ በኋላ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። የዛፉ ብናኝ፣ ማጣሪያው፣ የልጆቹ ነገር... በእኛ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ቢቆረጡ...

ኤርጋሽ ቦቦ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ባርኖ መለሱ። ዓይናቸው ስር ያለው ሽብሽብ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ባርኖ ልጄ፣ ይህ የጨዋታችን ነው ወይስ የምር?»

አባቷ ጨዋታው ምን እንደሆነ አያውቅም። እሱ ሐብሐቡን እየቆረጠ ነው። ባርኖ «የጨዋታ ነው» ብትል ሦስቱም ስቀው፣ አፕሪኮት ከፍላ ያልቅ ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን አባቷ ይጠይቃል፣ ከዚያም ስድስቱ ሎሚዎች አሉ።

«የምር ነው» አለች።

«እሺ» አሉ ቦቦ ጢማቸውን እየደባበሱ። «የቴራክ ቅርንጫፍ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ግማሹን መቁረጥ የሰው ጢም ግማሹን እንደ መላጨት ነው። ከነግንዱ እንጥለዋለን።»

አባቷ ደነገጠ። «ኧረ ቦቦ! እንዲህ ማለቴ አይደለም!»

«ዛፌ ጎረቤቴን እያስቸገረ እኔ ጥላው ሥር ሻይ አልጠጣም።»

«በአላህ ይሁንብዎ፣ ይቅር!»

«ቶሊብ ማክሰኞ መጋዙን ይዞ ይመጣል። አለቀ።»

አባቷ እንደ ወጉ ሦስተኛ ጊዜ ለመነ፤ ቦቦ ሦስተኛ ጊዜ እንቢ አሉ። ከሦስት በላይ መከራከር ሽማግሌን መናቅ ነው። አባቷ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አመሰገነ። ወደ ቤት ሲመለሱ ባርኖን አላያትም፤ «ምን ዓይነት ሰው ናቸው!» እያለ ብቻውን ራሱን ይነቀንቃል።

ያ ዛፍ እንደ ማንኛውም ዛፍ አይደለም። በመንደሩ ወንድ ልጅ ሲወለድ ቴራክ ይተከላል፤ ልጁ አድጎ ሲያገባ ዛፉ ተቆርጦ የአዲሱ ቤቱ ጣሪያ ይሆናል። ኤርጋሽ ቦቦ ግን የተከሉት ለሴት ልጅ ነው፣ ለልጅ ልጃቸው ለዚዮዳ። መንደሩ በሙሉ ሳቀባቸው። «ሴት እኮ ወደ ሰው ቤት ነው የምትሄደው፣ ዛፉን ምን ታደርገዋለች?» ሲሏቸው «ተሸክማው ትሄዳለች» አሉ። ዚዮዳ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የባርኖ የልብ ጓደኛ፣ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ። በየልደቷ ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ ቦቦ በቢላ ጫፍ ምልክት ያደርጋሉ። አሁን ኮካንድ አክስቷ ቤት ናት። የምትመለሰው ረቡዕ ነው።

* * *

ሰኞ ጠዋት ባርኖ ማጣሪያው ላይ ዘመተች። ዛፉን ለማሰብ ጊዜ ከሌላት አታስበውም።

መጀመሪያ የኋልዮሽ እጥበት። የውሃውን መሄጃ የሚቀይረውን ባለ ስድስት መንገድ እጀታ ጫን ብላ አዞረችው፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ እየሮጠ የአሸዋውን እድፍ ወደ ቦይ ይደፋል። ቆሻሻ ውሃ ወጣ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ወጣ። እጀታውን መልሳ ፓምፑን አስነሳች። ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ወረደ።

«እልልል!» አለች።

ሻይ ቀድታ ስትመለስ ቢጫ ላይ ነበር። ሻዩን ሳትጨርስ ቀይ።

«አቦ አትቀልድብኝ!» ብላ ጋኑን በጫማዋ መታችው።

ስልክ ደወለች፤ ገንዳውን ለሠራላቸው ለኑርማት አካ። ኑርማት አካ አንዲጃን የሆነ ጣሪያ ላይ ነው ያለው፤ ከጎኑ መዶሻ ይጮኻል።

«እጥበት አድርገሻል?» ብሎ ጮኸ።

«አድርጌያለሁ!»

«የፓምፑን የቆሻሻ መያዣ ቅርጫት አይተሻል?»

ፓምፑን አጥፍታ ክዳኑን ፈታች። ቅርጫቱ ውስጥ አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ተኮልኩሏል። ባርኖ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየችና ቅርፊቱን ከአጥሩ ሥር ቀበረችው።

«ቅርጫቱ... ምንም አልነበረውም!»

«የክዳኑ የጎማ ቀለበት? ደርቆ ከሆነ አየር ይስባል!»

«ቫዝሊን ቀባሁት!»

«እንግዲያው ከላይ ክፈቺው! ስምንቱን ብሎን! ግን ግፊቱን ሳታስተነፍሺ እንዳትከፍቺ፣ ሰምተሻል? ባለፈው አንዱ ሳያስተነፍስ ከፍቶ ክዳኑ እስከ ኪርጊዝ ድንበር ነው የሄደው፤ እስከ ዛሬ ቪዛ ይጠይቁታል!»

ባርኖ ሳቀች፤ ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። የማስተንፈሻዋን ጠመዝማዛ ቀስ ብላ ፈታች። ጋኑ «ሽሽሽሽ» ብሎ እንደ ሸመገለ እባብ ተነፈሰ፣ ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኛ። ከዚያ ስምንቱ ብሎኖች። አራቱ በእጇ ጉልበት ወጡ። ሁለቱ ላይ መፍቻው ላይ ቆማ ዘለለች። ሰባተኛው ላይ ቡቪ መጥተው «ቢስሚላህ» ብለው አንዴ ሲጠመዝዙት እሺ አለ። ስምንተኛው ሰባቱን አይቶ ራሱ ወጣ።

ክዳኑን አንስታ አጎነበሰች። አሸዋ የለም። ማለት አለ፣ ግን አይታይም። በላዩ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጣት ሙሉ ውፍረት ያለው ግራጫ ነገር ተነጥፏል። ጫፉን ይዛ ስትስበው ሁሉም አንድ ላይ መጣ፤ እንደ ትልቅ እርጥብ ቂጣ። ውሃ ከታች ሲመጣ እንደ ክዳን ብድግ ይላል፣ ውሃ ከላይ ሲመጣ ተመልሶ ይተኛል። ለዚህ ነው እጥበቱ አሥር ደቂቃ ብቻ የሚሠራው።

አሸዋውን በእጇ አገላበጠች፣ አጠበች፣ ብሎኖቹን መለሰች፣ ክሎሪኑን በተነች፣ ፓምፑን አስነሳች። ቧንቧው አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል አደረገና እንደ ፈረስ ሽንት እያንፎለፎለ ለቀቀው! ውሃው ገንዳውን አቋርጦ ከማዶ ቆሞ የነበረውን አንደኛውን ሎሚ አጠመቀው። ቀስቱ አረንጓዴው ላይ ነው። ሻይ ጠጣች፣ አረንጓዴ። ሁለተኛ ጠጣች፣ አረንጓዴ። ምሳ በላች፣ አረንጓዴ! ባርኖ ከነልብሷ በጓሮው ሦስት ጊዜ እየዞረች ጨፈረች፤ ቡቪም መጥረጊያቸውን ይዘው አንድ ዙር አጀቧት።

ያን ግራጫ ነገር እንዲደርቅ የሎሚው ችግኝ ላይ ደፍታው ነበር። መሸት ሲል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ልትጥለው አነሳችው። ደርቆ ነጣ ብሏል፤ ከነቅርጹ ጥቅጥቅ ያለ የእረኛ ቆብ መስሏል። ጠጋ ብላ አየችው። ከመሃሉ አንድ ቀይ ክር ተሰክቷል። የፍራሽ መስፊያ ክር፣ ቡቪ ራሳቸው የሚያቀልሙት ቀይ።

ክሩን መንቀል ትችላለች። ቆቡን ቦይ ውስጥ መወርወር ትችላለች። ገንዳው ድኗል፣ ረቡዕ ይመጣል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ቆቡን አልጋዋ ሥር አስገባችና ተኛች፤ ተኛች ከተባለ።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ባርኖ ወደ ገንዳው ስትወጣ የታችኛው ንጣፍ ይታያል። ሰማያዊ። አባቷ ቤት የለም። ከግድግዳው ማዶ «ክርርር፣ ክርርር» ይሰማል። መጋዝ ሲሳል።

መሰላል አቁማ ወጣች። ጓሮው ውስጥ ቶሊብ የሚባለው ግንድ ቆራጭ ተቀምጦ መጋዙን ይስላል፤ አጠገቡ የሻይ ማንቆርቆሪያ። አባቷ ለጎረቤት ሊያግዝ መጥቶ ቴራኩ ወገብ ላይ ገመድ እያሰረ ነው። ገመዱ ያረፈው ልክ ባለፈው ልደት ምልክት ላይ ነው፤ የዚዮዳ አናት የደረሰበት። ኤርጋሽ ቦቦ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ዛፉን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

ባርኖ ወረደች። አልጋው ሥር ገባች። ተመልሳ ወጣች። ግድግዳውን ለመሻገር ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓት ስለነበር ቆቡን ራሷ ላይ ደፋችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ከላይ ዘላ ስታርፍ።

ሦስቱም ቀና አሉ።

«ባርኖ፣ ራስሽ ላይ ምንድን ነው?» አለ አባቷ።

«ማጣሪያው ሆድ ውስጥ የነበረው ነው።»

ቶሊብ መጋዙን አስቀምጦ አጨበጨበ። «ይህን ሁሉ ያራገፈው ይህ ነው? ኧረ ይህስ ዛፍ አይደለም፣ በግ ነው!»

አባቷም ራሱን ነቀነቀ። «ቦቦ፣ አላመንኩም ነበር ለማለት አይደለም፣ ግን ይኸው...»

ውሸቷ ሳትጠራው መጥቶ አጠገቧ ቆመላት። ምንም ማለት አያስፈልጋትም ነበር። ዝም ብትል ያልፋል። ኤርጋሽ ቦቦ ሻያቸውን ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ጀምረው እጃቸው መሃል ላይ ቆሟል።

ባርኖ ቆቡን አወለቀችና ቀዩን ክር ይዛ ሳበችው። ክሩ ረዝሞ ረዝሞ ወጣ።

«ዳዳ፣ ዛፍ በቀይ ክር አይሰፋም» አለች።

አባቷ ጎንበስ ብሎ ክሩን አየው።

«የፍራሹ ጥጥ ነው። ቡቪ ጣሪያ ላይ ምቺው ብለውኝ ነበር፤ ሞቀኝ። ገንዳው ዳር መታሁት። ቬንትሌተርም አመጣሁ።»

«ቬንትሌተር?» አለ አባቷ።

«በሦስት ቁጥር።»

ቶሊብ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። አባቷ ገመዱን ለቀቀና ወደ ኤርጋሽ ቦቦ ዞረ። ፊቱ ከቲማቲም ቀልቷል። «ቦቦ... ምን ልበልዎት...»

«ቶሊብ» አሉ ቦቦ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «መጋዝህን ጠቅልል።»

«አሁንስ ገባኝ!» አለ ቶሊብ። «ከንጋት ጀምሮ 'ጥርሱን ደግመህ ሳለው፣ አሁንም ደግመህ ሳለው' የሚሉኝ ለዚህ ነው? መጋዙ አልቆ ቢላዋ ሊሆንብኝ ነበር እኮ!»

«ዛፌ ወንድ ነው» አሉ ቦቦ። «ብናኝ የሚያራግፉት ሴቶቹ ቴራኮች ናቸው። ይኼኛው በአሥራ አራት ዓመት አንዲት ብናኝ አልወጣውም።»

አባቷ ተናደደ፣ አፈረ፣ የቱን ማስቀደም እንዳለበት ግራ ገባው። «ታዲያ እሑድ ለምን አልነገሩኝም?»

«በአባቷ ፊት ልጅቷን ውሸታም ልበላት? ሁለት ቀን ሰጠኋት። እኔ እንኳ አንዱ ይበቃታል ብዬ ነበር» አሉና ወደ ባርኖ ዞሩ። «ሰነፍሽ።»

«ቦቦ... ባልመጣስ ኖሮ?» አለች ባርኖ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ኤርጋሽ ቦቦ ሌላ ሲኒ አነሱና ሻይ ቀዱላት።

አባቷ ቆቡን ከእጇ ወስዶ አገላብጦ አየው። ጣቱን ሰክቶ ውፍረቱን ለካ። «ስምንቱን ብሎን ማን ፈታው?»

«እኔ። ሰባተኛውን ቡቪ።»

«አስተንፍሰሽ?»

«አስተንፍሼ።»

አባቷ ቆቡን መልሶ ራሷ ላይ ደፋላት። «ሎሚዎቹ መተከላቸው አይቀርም» አለ በመጨረሻ። ባርኖ ወደ ግድግዳው ማዶ፣ ወደ ገንዳው ዞረች። «ከጎተራው ጀርባ። ጉድጓዱን አንቺ ነሽ የምትቆፍሪው። ሁለት ሜትር።»

«ሁለት?!»

«ሁለተኛውን ሜትር አግዝሻለሁ። አንደኛው የቬንትሌተሩ ነው።»

* * *

ረቡዕ ከሰዓት ወንዶቹ ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ዘጠኝ ሴቶች ዘጠና ሆነው ገቡ። ጩኸታቸው ቦዩ ድረስ ተሰማ፤ ወንዶቹ ልጆች ድልድዩ ላይ ቆመው ጆሮአቸውን ቀሰሩ አሉ። ቡቪ እንኳ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው እግራቸውን ነከሩና «ስኳሩን ማን አወጣው?» ብለው ተቆጡ። ከግድግዳው ማዶ ኤርጋሽ ቦቦ ጀርባቸውን አዙረው መቀመጣቸውን ሁሉም እንዲያውቅ ጮክ ብለው ያንጎራጉራሉ።

ዚዮዳ ከኮካንድ ከነአቧራዋ ነው የመጣችው። ጠልቃ ወጥታ ፀጉሯን ጨመቀች። «ሳንቲሙ ይነበባል፣ ወላሂ! ግን ስልክ ላይ ተበላሸ ብለሽኝ አልነበር? ማጣሪያውን ምን ነክቶት ነው?»

ስምንቱ ሌሎችም ዞሩ። የባርኖ ወሬ ሊጀመር ነው። አንዷ «ጸጥ በሉ፣ ጸጥ በሉ» አለች።

ባርኖ ምላሷ ጫፍ ላይ ሦስት ታሪክ ተሰልፎ ነበር፤ በአንደኛው ውስጥ ያ ብስክሌት የዋጠው ዓሣም አለበት። አየቻቸው። ከዚያ ዚዮዳን አየቻት፣ ከዚዮዳም በላይ ቴራኩን።

«የዓሣውን በኋላ እነግራችኋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ለዚዮዳ ብቻ የምነግራት አለኝ።»

ጥግ ወስዳ ነገረቻት፣ አንድም ሳትጨምር። ዚዮዳ እየሰማች ፊቷ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ። ሲያልቅ ባርኖን ከነቀሚሷ ገፍትራ ገንዳው ውስጥ ጣለቻት። ባርኖ ስትወጣ ዚዮዳ እጇን ዘርግታላት ነበር።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ልጆቹ ፀጉራቸውን እያራገፉ ሄዱ። ቡቪ አሥራ አንድ ፍራሽ ገና እንዳልተመታ ለአየሩ ተናገሩ። ጥጡ በረንዳው ላይ ተከምሯል። ገንዳው ዳር ጥላ ነው፣ ድንጋዩ እርጥብና ቀዝቃዛ፤ ቬንትሌተሩም በሩ ላይ ቆሟል።

ባርኖ አንዱን ጥጥ በጀርባዋ አዘለች፣ ዱላዎቹን ብብቷ ሥር ሰካችና ወደ ጎተራው መሰላል ሄደች። ሃያ ሁለት መወጣጫ። ቆጠረቻቸው። ጣሪያው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ የቴራኩ ግማሽ አካል ከፊቷ ቆሟል፣ ቅጠሉ እየተገላበጠ አንድ ጊዜ አረንጓዴ አንድ ጊዜ ብር ይሆናል።

ከታች መሰላሉ ተንቋቋ።

«ፈቀቅ በይ» አለች ዚዮዳ፣ ሁለተኛውን ጥጥ ተሸክማ። «ዱላ አንድ ስጪኝ። እና አሁን ስለ ዓሣው።»